ኳስ ያልያዙት አሠልጣኝ

ጽኑ ቡድን ስለመገንባት የሚሰጠውን የሁለት ቀን ሥልጠና የወሰድኩት በራሴ ፈቃድ አልነበረም። የምመራው የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ዘጠኝ ሠራተኞች አሉት። አንድ ሌሊት ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ከመጠባበቂያ ቅጂው መረጃ መመለስ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ታሞ ተኝቷል። አገልግሎታችን ለ11 ሰዓታት ተቋረጠ። አለቃዬ የመዘገቡኝ በዚያው ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ባክኗል። አሠልጣኙ የጎማ ኳስ መሬት ላይ አንጥረው «እናንተም እንዲህ ነጥራችሁ ተነሡ» አሉን። ቀጥሎ ዐይን ጨፍኖ መተንፈስ፣ ከዚያ የየራሳችንን ብርታት ከ1 እስከ 10 መመዘን። በአማርኛ «መቻል» ሁለት ፊት አለው፤ ሥራውን መቻልና ጫናውን መቻል። ያን ቀን የተማርነው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የእኔ ሰዎች ደግሞ ጫና ባለመቻል አይታሙም። ያ ሌሊት ያጋለጠን ሌላ ነገር ነው፤ ዋናው እውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፉን ደግሞ ትኩሳት ይዞታል።

በሁለተኛው ቀን የመጡት አሠልጣኝ ኳስ አልያዙም። የጀመሩት ከሁለት አውሮፕላኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የዩናይትድ ኤርላይንስ በረራ 173 ዋና አብራሪ የማረፊያ ጎማው ነገር አሳስቧቸው በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ አካባቢ ሲዞሩ ነዳጁ አለቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ነዳጁ እየመነመነ መሆኑን ረዳቶቻቸው ያዩ ነበር፤ ደፈር ብለው ግን አላስጠነቀቁም። ከዚያ በኋላ አየር መንገዱ የበረራ ሠራተኞቹን መነጋገርና መደማመጥ ማሠልጠን ጀመረ። በ1989 የዚሁ አየር መንገድ በረራ 232 የመቆጣጠሪያ ኃይሉን በሙሉ ሲያጣ፣ ካፒቴን አል ሄይንስ ከመንገደኞች መካከል የነበሩ አንድ አሠልጣኝ አብራሪ «ላግዝ» ሲሏቸው ተቀብለው የሞተሮቹን መቆጣጠሪያ አስያዟቸው። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ በኋላ ለዚያ ሥልጠና ትልቅ ምስጋና ሰጥተዋል።

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች ያዩትም ተነሣ። የተሻሉት ቡድኖች ጥቂት ስሕተት ያስመዘግባሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ይበልጥ ያስመዘገቡት እነርሱ ሆኑ፤ ስሕተታቸውን ስለማይደብቁ። ይህን ስሰማ የክፍሌ ሳምንታዊ ሪፖርቶች ትዝ አሉኝ። ለወራት «ችግር የለም» ይሉ ነበር፤ እኔም እደሰትባቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ባለቀ ሥራ ላይ አራት ጥያቄ እንድናነሣ ተደረግን፦ ምን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ለምን ተለያየ? ቀጥሎ ምን ይደረግ? አሠልጣኟ አንድ ደንብ ጨመሩ፤ መሪው አስቀድሞ የራሱን ጥፋት ይናገር፣ ከዚያ ዝም ይበል። ወደ ሥራዬ ተመልሼ ሞከርኩት። ጥፋቴን መናገሩ ቀላል ነበር። ዝም ማለቱ ግን ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ አቋረጥኳቸው።

ጉድለቱም አይካድም። በአንድ ክፍል ውስጥ አርባ ሰው ታጭቀን ነበር። የታደለን ጥራዝ ግድግዳው ላይ ያነበብነውን መልሶ ያተመ ነው። ከሥልጠናው በኋላም የጠየቀን የለም። ሁለተኛውን ቀን ብቻ መውሰድ ይቻል እንደሆነ አዘጋጆቹን ጠየቅኳቸው፤ አይቻልም አሉ። «ዘጠኝ ሰው የአሥራ አራት ሰው ሥራ ከያዘስ?» ስላቸው ግን አሠልጣኟ አልተሽኮረመሙም። «ያ የሥልጠና ጉዳይ አይደለም፤ ለአለቃህ ሰው ጨምሩልኝ በል» አሉኝ። ለእኔ የሁለቱ ቀናት ምርጥ መልስ ይኸው ነው።

ስመለስ አንድ ሠንጠረዥ ሠራን፤ በየሥራው አንጻር የሚችሉትን ሰዎች ስም የምንጽፍበት። አንድ ስም ብቻ ያለባቸው ሦስት ረድፎች ተገኙ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱ ተሟሉ። በሦስተኛው ላይ እስከ ዛሬ ብቻውን ያለው ስም የእኔ ነው።