ኬምድሮው ወይስ ኬምስኬች? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ሁለቱም የሞለኪዩል መዋቅር በኮምፒውተር የሚሣልባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። መልሱን ላስቀድም፦ ኬምስኬች ጫኑ። ኬምድሮው በዩኒቨርሲቲያችሁ በኩል በሕጋዊ መንገድ ከደረሳችሁ እሰየው፣ እሱን ያዙ፤ ካልደረሳችሁ ግን አምስት ሳንቲም አታውጡበት። እዚህ ጅማ የቴሲስ ማስገቢያ በተቃረበ ቁጥር «ኬምድሮው አለህ? በፍላሽ ስጠኝ» የሚለኝ ሰው ብዛቱ አይጣል ነው። እሱ እንኳ ደህና፤ የሚያሳዝነኝ ገዝቶ ከተቃጠለ በኋላ የሚደውለው ነው።

ከዋጋው እንጀምር፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። ኬምድሮው በ1985 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ተሠርቶ የወጣ፣ ዛሬ ሬቪቲ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እጅ ያለ ፕሮግራም ነው። አንዴ ገዝታችሁት የሚቀር ዕቃ አይደለም፤ በየዓመቱ ይከፈልበታል፣ ያውም በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር። እስቲ መቶ ዶላር ብቻ እንበል። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ መቶ ዶላር በባንክ ምንዛሪ 5,700 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ያው መቶ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ10,000 ብር አለፈ። ይህን ከአንድ ተመራቂ ተማሪ ወይም ከአንድ የኬሚስትሪ መምህር ደመወዝ ጋር እናንተው አስተያዩት። ብሩ ቢኖር እንኳ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል?

ታዲያ ከተማ ውስጥ «ፉል ቨርዥን፣ የዕድሜ ልክ» እየተባለ በ600 ብር የሚጫነው ምንድን ነው? ክራክ ነዋ፣ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚጫን ቅጂ። በቅርቡ ቆጪ አካባቢ የምትኖር አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ጫኚው ከሁሉ በፊት ያደረገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነበር፤ «ካልጠፋ አይገባም» ብሏት። ፕሮግራሙ ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ሠራ። ላፕቶፑ ዋይፋይ ካገኘ በኋላ ግን ላይሰንስ የሚጠይቅ መስኮት ድቅን አለ፤ ብትዘጋው ፕሮግራሙም አብሮ ይዘጋል። የሣለቻቸው መዋቅሮች በሙሉ ኬምድሮው በራሱ ዓይነት ባስቀመጣቸው ፋይሎች ውስጥ ናቸው። ይባስ ብሎ ፍላሿ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ አሉ።

ሒሳቡን አብረን ደመርነው። ለጫኚው 600፣ ለፎርማት 500፣ ኦፊስና የአማርኛ ኪቦርድ መልሶ ለማስጫን 300፣ «ፍላሹ ሞቷል» ተብላ ለአዲስ ፍላሽ 700። 2,100 ብር ወጣ፣ በእጇ ግን ምንም የለም። በነገራችን ላይ ፍላሹ አልሞተም ነበር። ያ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ሴቲንጉን ቀይሮ፣ ሾርትከቶቹን ሳይነኩ፣ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻላል። ለዚህ ብር አትክፈሉ። ሱቁስ ምን አላት? «በግማሽ ዋጋ ደግመን እንጭንልሽ።»

ኬምስኬች የካናዳዎቹ የኤሲዲ ላብስ ሥራ ነው። ለትምህርትና ለግል ጥቅም የሚሆነው ቅጂ ነጻ ነው፤ ክራክ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ የዓመት ክፍያ የለው። የሚጠይቃችሁ ድረ ገጻቸው ላይ ስምና ኢሜይል መሙላትና የማውረጃውን ዳታ ብቻ ነው። ዳታውም ከከበዳችሁ ግቢ ዋይፋይ ላይ አውርዱት፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሚያስቀው ደግሞ ይኼንኑ ነጻ ፕሮግራም በ200 ብር የሚጭኑ መኖራቸው ነው። ለጉልበታቸው ነው ቢባል እንኳ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» 200 ብር አያወጣም።

መልኩ እንደ ድሮ ላዳ ነው፤ ያረጀ ይመስላል፣ ግን ይነሣል። በደካማ ላፕቶፕ ላይ ሳይንቀራፈፍ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፍቶ የቀረችውን የባትሪ ጭላጭ ለምታብቃቁ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመልመድ ካፌይንን ሣሉ። ቡና አገር ተቀምጠን ሌላ ምን እንሥላለን! ከቀኝ በኩል ካሉት ቁልፎች ባለ ስድስት ጎኑን ቀለበት አንሥታችሁ ገጹ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጉ፤ ድርብ ቦንድ ያለበትን የቤንዚን ቀለበት ሳይሆን የሌለበትን። ከዚያ ባለ አምስት ጎኑን ይዛችሁ የስድስቱ አንድ ጎን ላይ ጠቅ ስታደርጉ ሁለቱ ቀለበቶች ጎን ለጎን ይጣበቃሉ። ከግራ በኩል ናይትሮጅንን መርጣችሁ ሁለቱን በባለ ስድስቱ፣ ሁለቱን በባለ አምስቱ አስቀምጡ፤ የጋራው ጎን ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ካርቦኖች ግን አይነኩም። ከዚያ ሁለት ድርብ ቦንድ ኦክስጅን፣ ሦስት ሜቲል፣ አንድ ድርብ ቦንድ በጋራው ጎን፣ አንድ ደግሞ በባለ አምስቱ ውስጥ። የተንጋደደውን «ክሊን ስትራክቸር» ያቃናዋል። ማን የት እንደሚገባ ከጠፋችሁ ፐብኬም በሚባለው የኬሚካሎች መረጃ ድረ ገጽ ላይ ካፌይን ብላችሁ ፈልጉ፤ ቁጥሩ 2519 ነው፣ ሥዕሉን እያያችሁ አስተያዩ።

አሁን ከታች ጥግ ያለውን መስመር እዩ። 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን፣ ክብደቱ 194.19 ካለ ተሳክቶላችኋል። 180.16 ካለ ግን አንድ ሜቲል ረስታችኋል፤ የሣላችሁት እንደ ጎደለው ቦታ የሻዩን ቴኦፊሊን ወይም የካካዎውን ቴኦብሮሚን ሊሆን ይችላል። ይህቺን ታችኛዋን መስመር የማየት ልማድ ያላቸው ተማሪዎች ከአድቫይዘር ዘንድ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ መዋቅር ይዘው ሲመለሱ አላየሁም።

ኬምስኬች የሚያናድድበት ቦታም አለው። ቀኝ ጠቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ከመሣያ ወደ መምረጫ ይገለበጣል፤ ጀማሪ ሁሉ «ለምንድን ነው የማይሥልልኝ?» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ «ስትራክቸር» እና «ድሮው» የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ሞለኪዩሉ በአንዱ ይሣላል፣ የኤሌክትሮን ሽግግር የሚያሳየው ጥምዝ ቀስት ደግሞ በሌላው። ሜካኒዝም፣ ማለትም ሪአክሽኑ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚሄድ፣ ስትሥሉ በሁለቱ መካከል መመላለሱ ያሰለቻል፤ በዚህ ኬምድሮው አባቱ ነው፣ አልክድም። ሦስተኛ፣ ለሣላችሁት ሞለኪዩል ኬሚካላዊ ስም ማውጣቱ ገደብ አለው፦ ነጻው ቅጂ ከ50 አቶምና ከ3 ቀለበት በላይ ላለው ስም አይሰጥም። ከዕፅዋት የሚገኘውን ኬርሴቲንን ይሰይማል፤ ስኳር የተንጠለጠለበትን ሩቲንን ግን አይችለውም። በዕፅዋት ኬሚስትሪ የምትሠሩ ይኼ ይገጥማችኋል፤ የዚያኔ ስሙን ከፐብኬም መውሰድ ነው።

ኬምድሮው ከዚህ ሌላ የሚበልጥበት ዋና ነገር የኤንኤምአር (የሞለኪዩልን መዋቅር ለማወቅ የሚደረግ የላብ ምርመራ) ግምቱ ነው፤ መዋቅሩን ሥላችሁ የፕሮቶኑንና የካርቦኑን ፒኮች ይገምትላችኋል። ብዙ ሰው ክራክ የሚገዛው ለዚህ ሲል እንደሆነ አውቃለሁ። ኤንኤምአርዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ግን ይህንኑ ግምት በነጻ ይሰጣል፤ ኢንተርኔት ያገኛችሁ ቀን ሞክሩት። ያልኩትን ግን ልድገመው፦ ግዢ ከማሰባችሁ በፊት ዲፓርትመንታችሁን ወይም ላይብረሪውን ሳይት ላይሰንስ (ተቋሙ ለሰዎቹ ሁሉ የከፈለበት ፈቃድ) እንዳለ ጠይቁ። ካለ የሚያስፈልገው የተቋሙ ኢሜይል ብቻ ነው፣ ለእናንተ ኪስ ነጻ ነው።

«ጆርናሉ ኬምድሮው ይላል» የምትሉም አላችሁ። ጆርናሉ የሚፈልገው መልኩን ነው፤ የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ የሚባለውን መለኪያ ማለቴ ነው፦ የቦንድ ርዝመት 0.508 ሴንቲሜትር፣ ፊደሉ አሪያል 10። ኬምስኬች ውስጥ የሶሳይቲው ስታይል ተዘጋጅቶ አለ፤ መሣል ሳትጀምሩ እሱን ምረጡ። ከዚያ ወርድ ላይ ከለጠፋችሁ በኋላ ጥጉን ይዛችሁ አትጎትቱ! አንዱ መዋቅር ተለጥጦ ሌላው ተጨምቆ፣ የአንዱ «ኦ» የሌላውን እጥፍ አክሎ የሚታየው ከዚያ ነው። መጠኑ ካልተስማማችሁ ወደ ኬምስኬች ተመልሳችሁ አስተካክሉት።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱም የወርዱን ፋይል እንዳለ አትስጡ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ኬምስኬች የለውም፣ አንዳንዴም ኦፊሱ የጥንት ነው፤ ሥዕሉ ሊንሸራተት ይችላል። ሃምሳ ገጽ በቀለም ካሳተሙ በኋላ መዋቅሩ ከጽሑፉ ላይ ወጥቶ ተጋድሞ ማግኘት ምን ያህል ብር እንደሚያስወጣ ለተመራቂ አይነገረውም። ቤታችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ፣ ተመልክታችሁ፣ ከዚያ ውሰዱ።

ላፕቶፕ ለሌላችሁ ወይም ማክ ለያዛችሁ፣ ኬምስኬች የዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ አያገለግላችሁም። ለስልክ ኪንግድሮው አለ፤ ነጻ ነው፣ በጣት ይሣልበታል፣ ለክፍል ሥራና ለቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። ቴሲስ ሙሉ በስልክ ሣሉ ግን አልልም፣ ዓይናችሁም ይደክማል። ለማክ ኬቸርን እመርጣለሁ፤ ክፍት ምንጭ ነው፣ ብሮውዘር ውስጥ ይከፈታል፣ የሚጫን ነገር የለውም። የሃንጋሪዎቹ ማርቪንም ጎበዝ ነው፤ የላይሰንስ ጣጣውን መጨረስ የቻለ ይሞክረው።

የመረጣችሁት የትኛውንም ይሁን፣ እያንዳንዱን መዋቅር በፕሮግራሙ ፋይል ብቻ ሳይሆን በ«ሞል» (.mol) የፋይል ዓይነትም ሴቭ አድርጉ። ኖትፓድ ላይ ብትከፍቱት የአቶሞቹ ዝርዝርና የቦንዶቹ ቁጥር የሰፈረበት ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኬምድሮውም፣ ኬምስኬችም፣ ኬቸርም ያነቡታል። ቀስትና ጽሑፍ ግን አይዝም፤ ስለዚህ ሪአክሽኑን በሙሉ በሁለቱም መንገድ አስቀምጡ። ያቺ የቆጪ ልጅ ይህን አድርጋ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሞለኪዩሎቿን ኬምስኬች ላይ ከፍታ ትቀጥል ነበር። አሁን ከባዶ እየሣለች ነው፤ 2,100 ብሯም በዚያው ቀርቷል።