«ልጁም ተካቷል» የሚሏችሁን ርካሽ ኢንሹራንስ ሳታጣሩ እንዳትፈርሙ

ጅማ ውስጥ ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ያወጣላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ አትለፉ። ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ኢንሹራንስ የሚሸጡ ወኪሎች አሉ። መርካቶም ፈረንጅ አራዳም ታገኟቸዋላችሁ። ብዙዎቹ ሥራቸውን በአግባቡ የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን «ፉል ኢንሹራንስ ነው፣ ከሌላው በጣም ይቀንሳል፣ ልጁም ተካቷል» ብለው ያስፈርማሉ። ዋጋው የቀነሰው ልጁ ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ነው።

እህቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ልጇ 19 ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ወኪሉ ቤት ድረስ መጣ፣ ቡና ተፈላለት፣ ቅጹን ራሱ በእንግሊዝኛ ሞላው። እሷ ፈረመች። ልጁም ይነዳል ስትለው «ችግር የለም እትዬ፣ መኪናው ነው ኢንሹራንስ የሚገባው» አላት። ክረምት ላይ ልጁ በአጋሮ መንገድ ሲመለስ ዝናብ ነበር። መኪናው ተንሸራቶ የቆመ ባጃጅ ገጨ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የባጃጁ ጉዳት በሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ተሸፈነ። የራሷ መኪና ግን አልተከፈለላትም። ቅጹ ላይ «አዲስ ወይም ወጣት አሽከርካሪ መኪናውን ይነዳል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ «አይነዳም» ተብሎ ተሞልቷል። ፊርማው ደግሞ የእሷ ነው። ወኪሉ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ይሄ ለምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የኢንሹራንስ ኩባንያ ዋጋ የሚተምነው በመኪናው ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚነዳውም ያያል። በዕድሜ ልጅ የሆነ፣ ልምድ የሌለው ሰው አደጋ የማድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው ብለው ስለሚያስቡ ወይ አረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉትን ገንዘብ፣ ይጨምራሉ፣ ወይ አደጋ ሲደርስ ከካሳው ላይ የሚቀነሰውን ያበዙታል። ይሄን ተቀናሽ እነሱ ኤክሰስ ይሉታል። የዕድሜውና የልምዱ ገደብ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ወኪሉ ኮሚሽን የሚያገኘው ውሉ ሲፈረም ነው። አረቦኑ ከተወደደ ትሸሻላችሁ ብሎ ስለሚፈራ ልጁን ከቅጹ ያወጣዋል። አደጋ ሲደርስ እሱ የለም፤ እዳው የእናንተ ነው።

ሕጉም ቢሆን ለእናንተ አያዳላም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ስለ አደጋው ስጋት የሚያውቀውን በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። «ወኪሉ ነው የሞላው» ማለት ብዙ አያራምድም፤ መጀመሪያ የሚታየው ፊርማ ነው። ስለዚህ ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ማንበብ የሚችል ዘመድ ወይም የሠፈር ተማሪ ጠርታችሁ አስነብቡ። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ላይ ሆነን የሚያነብልን ሰው አናጣም። ባዶ ቅጽ ላይማ ጭራሽ እንዳትፈርሙ።

«ሦስተኛ ወገን አለኝ፣ ይበቃኛል» የሚሉም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ሦስተኛ ወገን የግድ ነው፤ ያለ እሱ መንዳት ወንጀል ነው። የሚከፍለው ግን እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው። የራሳችሁን መኪና አይጠግንም። ለዚያውም ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። አሁን የሚሠራበትን ልክ ውላችሁ ላይ ፈልጉት። ከዚያ በላይ የሚመጣውን የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው።

ሌላው አረቦኑን ርካሽ የማድረጊያ ዘዴ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ነው። ይሄም ደግ የሠሩላችሁ ይመስላል። መኪናችሁ ገበያ ላይ 1,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ወኪሉ 600,000 ብሎ ጻፈው። አረቦኑ ቀነሰ፣ ደስ አላችሁ። ከዚያ 200,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ደረሰ። ኩባንያው «የመኪናውን 60 በመቶ ነው ያስገባኸው» ብሎ 120,000 ያሰላል፣ ከዚያ ላይ ኤክሰሱን ይቀንሳል። የቀረውን ጋራዡ ከእናንተ ይጠብቃል። የመኪና ዋጋ በየጊዜው እየናረ ስለሆነ ዓምና በትክክል የተጻፈው እንኳን ዘንድሮ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በየዕድሳቱ አስተካክሉት።

ኮድ 2 የቤት መኪና ይዘው ቅዳሜና እሁድ ሰው በኮንትራት የሚያመላልሱ ልጆችም አሉ። ወላጅ ላያውቅ ይችላል። ለግል አገልግሎት የተገባ ኢንሹራንስ ሰው በክፍያ ሲጫንበት አይሠራም። ልጃችሁን ዛሬውኑ ጠይቁት። መንጃ ፈቃድ የሌለው የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ «ሠፈር ውስጥ ትንሽ ልለማመድ» ሲል ቁልፍ እንዳትሰጡት። እሱ ሲነዳ ለደረሰው ጉዳት መኪናችሁን የሚጠግንላችሁ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) የለም።

ታዲያ ወጪው ከባድ ነው፣ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ሳይዋሹ ማስቀነስ ግን ይቻላል። መጀመሪያ የልጁን ስም፣ ዕድሜና መንጃ ፈቃድ ያወጣበትን ቀን ይዛችሁ ቢያንስ ሦስት ኩባንያ ቅርንጫፍ ሂዱና የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ጠይቁ። ልዩነቱ ያስገርማችኋል። ለትንሽ ጭረት የማትጠይቁ ከሆነ፣ ኤክሰሱን ከፍ አድርጋችሁ አረቦኑን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ዓመቱን ያለ አደጋ የጨረሰ ሰው የሚያገኘው ቅናሽ አለ። ኩባንያ ስትቀይሩ ያንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከድሮው ኩባንያ ይዛችሁ ውጡ። መኪናው ያረጀና ዋጋው የወረደ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሽፋኑን ትታችሁ ሦስተኛ ወገን ከእሳትና ከስርቆት ጋር መግባት ይሻል ይሆናል። እኔ ብሆን አሮጌ መኪና ላይ ይሄን ነው የምመርጠው። ልጁ የሚማርበት መኪና ትንሽና ሞተሯም አነስተኛ ቢሆን ለሁሉም ይረዳል።

ወኪሉን ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የኢንሹራንስ ወኪልም ሆነ ደላላ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሳይኖረው መሥራት አይችልም። ገንዘብ በወኪሉ ቴሌብር አትላኩ። በኩባንያው የባንክ ሒሳብ አስገቡ፣ የኩባንያውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ፖሊሲው ሲደርሳችሁ ቅጂውን አስቀሩ፤ የሞላችሁትን ቅጽም ፎቶ አንሱት። እህቴ የቅጹን ቅጂ ያየችው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ፈርማችሁ ከሆነም ጊዜ አለ። ነገ ጠዋት ፖሊሲውን ይዛችሁ ቅርንጫፉ ግቡ። «ይህን መኪና ልጄም ይነዳል፣ ዕድሜው ይሄ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በዚህ ቀን ነው» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አስገቡ። አንዱን ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ኩባንያው ልጁ መካተቱን የሚገልጽ ተጨማሪ ወረቀት ከፖሊሲው ጋር እንዲያያይዝ ጠይቁ። ተጨማሪ ክፍያ ካለ ክፈሉ። ወረቀቱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ግን ልጁ አይንዳ። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ የሚማሩት ልጆች ለእረፍት ሳይመጡ በፊት ጨርሱት።

እንደ እህቴ ካሳ ተከልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የጋራዥ ግምትና ደረሰኞቻችሁን አንድ ላይ አስቀምጡ። ቅርንጫፉ ካልሰማችሁ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፉ፣ ከዚያም ለብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። እህቴ ለሁለቱም ጽፋለች፤ አብሬያት እየተከታተልኩ ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ከሆነ የወኪሉን አቀራረብና የተሰጣችሁን ቃል ጻፉልኝ።