የፖታሲየም ተን ማሞቂያ ምድጃ፤ ለግጭት ጥናት ምን ያህል ይበቃል?

ብርሃን መጥጦ የተነቃቃ የፖታሲየም ሞለኪውል (ሁለት የተጣመሩ አቶሞች) ከነጠላ የፖታሲየም አቶም ጋር ሲጋጭ ኃይሉን እንዴት እንደሚያስረክብ ለመለካት የምንጠቀምበት ዕቃ የመስቀል ቅርጽ ያለው የሙቀት ቱቦ ምድጃ ነው። መርሑ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቪዳልና ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት ነው፤ መሃል ላይ የተነነው ፖታሲየም በቀዘቀዙት ጫፎች ፈሳሽ ከሆነ በኋላ፣ ቱቦውን ከውስጥ በለበሰው የማይዝግ ብረት ወንፊት ተስቦ፣ ዘይት በፋኖስ ክር እንደሚሳብ ሁሉ፣ ወደ መሃል ይመለሳል። ጫፎቹን የሞላው አርጎን ተኑን ስለሚያግደው መስኮቶቹ ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ። ጋለ ያለ የአልካሊ (እንደ ፖታሲየም ያሉ ብረታ ብረቶች) ተን ተራ ብርጭቆን እንዴት እንደሚያጠቁር ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ለማድነቅ አይቸገርም።

የ632.8 ናኖሜትር ሌዘር ስንልክበት ሞለኪውሉ ከእያንዳንዱ ፎቶን 1.96 ኤሌክትሮንቮልት (የአቶሞች ኃይል የሚለካበት አሃድ) ይቀበላል፤ አቶሙን ወደ መጀመሪያው የተነቃቃ ደረጃ ለማንሣት ግን 1.61 ገደማ ይበቃል፤ ቀሪው በሞለኪውሉ ንዝረትና ሽክርክሪት እንዲሁም ከግጭቱ በኋላ በሚለያዩት ሞለኪውልና አቶም እንቅስቃሴ ይከፋፈላል። ሌዘሩ በቀጥታ ያልነካቸው አቶሞች በ766.5 እና በ769.9 ናኖሜትር ሲያበሩ ማየት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ምድጃ ውስጥ ብርሃኑ ጠንካራና የማይዋዥቅ ነው።

ሆኖም ይኸው መረጋጋት ለግጭት ጥናት ዋጋ ያስከፍላል። የተኑ ግፊት ከአርጎኑ ግፊት ጋር እኩል ስለሚሆን፣ የማሞቂያውን ኤሌክትሪክ መጨመር የተኑን ዓምድ ያስረዝማል እንጂ እፍግታውን (በተወሰነ ቦታ ውስጥ ያሉትን አቶሞች ብዛት) አይጨምርም፤ እኔም ይህን ሳላስተውል ቁልፉን እያዞርኩ ለውጥ ስጠብቅ ቆይቻለሁ። እፍግታውን ለመለወጥ የአርጎኑን ግፊት መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሙቀቱም የሞለኪውሎቹ ድርሻም አብረው ስለሚለወጡ፣ የአቶሞቹን ብዛት ብቻ ነጥሎ መቀየር አይቻልም። ኃይሉ በግጭት መተላለፉን ሞለኪውሉ በራሱ ከመሰበሩ ለመለየት የሚረዳው ግን በትክክል ይህ ነጥሎ መቀየር ነበር።

ከዚህ የሚብሰው የመስቀሉ የጎን ክንዶች ርዝመት ነው። ፍካቱ ወደ መለኪያው ሲወጣ በክንዱ ውስጥ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ተን ያልፋል፤ የሞለኪውሉ ብርሃን እምብዛም ሳይነካ ሲያልፍ፣ የአቶሙ ብርሃን ግን ባልተነቃቁት አቶሞች ይመጠጣል። ስለዚህ የሁለቱን ጥንካሬ በቀጥታ ያነጻጸረ ሰው ኃይሉ ከሞለኪውል ወደ አቶም የሚሸጋገርበትን ፍጥነት ከእውነቱ አሳንሶ ይዘግባል። አምራቹ በሰጠን መመሪያ ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል የለም።

የሙቀት መለኪያው ከቱቦው ውጭ ስለተገጠመ ብዙም አላምነውም፤ የፖታሲየም ተን በ341 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ 1 ቶር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ግፊት እንዳለው ስለሚታወቅ፣ ጥሩ የግፊት መለኪያ የተሻለ ቴርሞሜትር ይሆናል፤ እሱን ግን ለብቻው ገዝተናል። የሞለኪውሉን ብርሃን መስመሮች ብቻ ለሚመዘግብ ሰው ምድጃውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ የሽግግር ፍጥነት ለሚለካ ግን አጭር የጎን ክንድ ያለው እንዲሠራለት አስቀድሞ ማዘዝ ይሻለዋል።