መብራት ሲጠፋ ሁሉን የሚረሳው ቦርዴ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይሄን ኤፍፒጂኤ ቦርድ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስለ ቁልፎቹና ስለ ትንንሽ መብራቶቹ አላወራም፣ ይሰራሉ። የማወራው ስለ መርሳቱ ነው።

ለማያውቅ፦ ኤፍፒጂኤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም ውስጡን እንደፈለክ የምታገናኘው ቺፕ ነው። ዛሬ ሰዓት ታደርገዋለህ፣ ነገ የትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ። እኔ ሰዓት አደረግኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ለፍቼ ቁጥሮቹ መቁጠር ሲጀምሩ እናቴን ከጓዳ ጠርቼ አሳየኋት። በማግስቱ መብራት ጠፋ። (የነፋስ ተርባይኖቹ ከከተማችን አጠገብ ይሽከረከራሉ፣ እኛ ሻማ እንፈልጋለን።) መብራቱ ሲመለስ ቦርዱ ባዶ! ተቃጠለ ብዬ በዚያ የአዳማ ቀትር በባጃጅ ሱቁ ድረስ ሄጄ ተጨቃጨቅኩ።

ሻጩ ደግሞ ሲሸጥልኝ "ባለ 3ዲ ቺፕ ነው" ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ 3ዲ ማለት ቺፕ በቺፕ ላይ እንደ ፎቅ ደርበህ ሲሊከኑን ሰንጥቀው በሚያልፉ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ስታገናኘው ነው። ኤፍፒጂኤ ሰሪው ኩባንያ ዛይሊንክስ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትልቁ ቨርቴክስ-7 ቺፕ እንኳ አራት ቁራጭ ቺፖችን ጎን ለጎን በአንድ የሲሊከን ንጣፍ ላይ ነው የደረደረው፣ ብዙዎች 2.5ዲ ነው የሚሉት። የኔው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ጂ+3 ብለህ ቪላ ሸጥክልኝ!

ግን አልተቃጠለም ነበር። የምትጭንበት ዲዛይን የሚቀመጠው ኤስራም የሚባል የሜሞሪ ዓይነት ላይ ነው፣ ኤስራም ደግሞ ከረንት ሲቋረጥ ይጠፋል። በአብዛኛው ኤፍፒጂኤ እንዲሁ ነው። መፍትሄው ዲዛይኑን ቦርዱ ላይ ባለችው፣ መብራት ቢጠፋም በማትረሳው ፍላሽ ሜሞሪ አስቀምጦ፣ ቦርዱ ሲነሳ ከዚያ እንዲያነብ ጥፍር የምታህል ጀምፐር (ተነቃይ መሰኪያ) ማዛወር ነው። ይሄን ለማወቅ ሶስት ወር ፈጀብኝ። ማንዋሉ ላይ ተጽፏል፣ እሺ፣ ግን ሻጭ ሆነህ አንዲት ቃል መናገር ያቅታል? መብራት በሚሄድበት ከተማ እኮ ነው የምትሸጠው!

ልሽጠው አስቤ ነበር። አሁን አልሸጥም፣ ጀምፐሯን ካዛወርኩ ወዲህ መብራት በመጣ ቁጥር ራሱ ይነሳል። ሰዓት መሆኑን ያስታውሳል፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ባትሪ ስለሌለው አያውቅም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ትናንት ማታ እናቴ "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለችኝ። ስልኬን አየሁ።