ማርቆስ ያለችው ፊልም ማስጫኛ ቤትና የኪም ቴ ሪ ፎልደር

እኔ ደምበጫ ነኝ፣ ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ፍላሽ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። እዛ አንዲት ጠባብ ፊልም ማስጫኛ ቤት አለች፣ ስሟን አልጠራም ምክንያቱም ትንሽ ላማት ነው። ግን እውነት ለመናገር ልጁ በኮሪያን ፊልም ሊቅ ነው። ሌላ ቤት ኮሪያን ስጠኝ ስትሉት ያለውን ጠርጎ ይጭንላችኋል፣ ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ግማሹ የቻይና ነው። ይሄኛው በየተዋናዩ ፎልደር ከፍቶ ነው ያስቀመጠው።

የኮሪያዊቷን ተዋናይት የኪም ቴ ሪን ወሰድኩ። ሚስተር ሰንሻይን የሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ነበር የማውቃት፣ ያቺ ጠመንጃ አንግታ ጣራ ለጣራ የምትሮጠው የጨዋ ልጅ፣ እና በዛ ድራማ ድንገት ዱብ ያለች ነበር የመሰለኝ። ልጁ «አይ እህቴ፣ ከታች ጀምሪ» ብሎ ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ሰጣቸው፣ እየጫነም ታሪኳን ነገረኝ።

ልጅቷ በፈረንጅ 1990 (በኛ 82 መሆኑ ነው) ሴኡል ተወለደች። ክዩንግ ሂ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ልትማር ነው፣ አክተር ልሁን ብላ አይደለም። እዛው ግቢ የቴአትር ክበብ ገባች በቃ እሱ ያዛት፣ ስትመረቅም ማይክ ልጨብጥ ሳትል ቴአትር ቡድን ገብታ ትናንሽ መድረክ ላይ ስትሰራ ቆየች። ለዚህ ነው 1 ቁጥር ፋይል ደስ ያለኝ፣ ሙን ያንግ ይባላል፣ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ መናገር የማትችል፣ በትንሽ ካሜራ የሰው ፊት የምትቀርጽ ልጅ ሆና ነው የሰራችው። ሲኒማ የገባው በ2017 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)፣ የተቀረጸው ግን ዝነኛ ካደረጋት ፊልም በፊት ስለሆነ ልጁ ከሁሉም አስቀደመው። እዚህ ጋ አከበርኩት፣ ማንም ሰው በወጣበት ዓመት ደርድሮ ይገላገል ነበር እኮ።

2 ቁጥር ዘ ሃንድሜደን ነው፣ 2016። ዳይሬክተሩ ፓርክ ቻን ዉክ ነው፣ 1500 ገደማ ተፈታኝ መሃል እሷን መረጠ። ጃፓን ኮሪያን በያዘችበት ዘመን፣ ገረድ መስላ ሀብታም ቤት የምትገባ ሌባ ናት፣ ጃፓንኛም መናገር ነበረባት። ፊልሙ ካን ፌስቲቫል ተወዳደረ፣ እሷም በዛው ዓመት ብሉ ድራገን በሚባለው የኮሪያ የፊልም ሽልማት ላይ የምርጥ አዲስ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። በመጀመሪያ ትልቅ ፊልሟ! ግን ወንድሜ፣ ይሄን ፊልም ስትጭን ለሰው አታስጠነቅቅም እንዴ? እኔ ከእቴቴ ጋር ቡና እየጠጣን ከፈትኩት፣ መሃል ላይ ሲደርስ የት ልግባ፣ ላፕቶፑን ጠርቅሜ ባትሪ አለቀ አልኳት፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ እያየችው። ለትልቅ ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ለብቻ።

3 ቁጥር ስሙ ራሱ 1987 የሚባል ፊልም ነው፣ በዛ ዓመት ኮሪያ ውስጥ የተነሳውን የዲሞክራሲ ትግል ነው የሚያሳየው፣ እሷ ተማሪ ሆና ትሰራለች። የኔ ፋይል መጨረሻው ተቆርጦ ነው የመጣው ስለዚህ ብዙ አልልም።

ሊትል ፎረስት ግን! 2018 ነው የወጣው። የመምህርነት ፈተና ወድቃ ከሴኡል ወደ ገጠር እናቷ ቤት የተመለሰች ልጅ፣ እናትየው የለችም፣ ክረምት ነው፣ ከበረዶ ስር ጎመን ቆፍራ አውጥታ ሾርባ ትሰራለች። አራቱም ወቅት እየተጠበቀ ነው የተቀረጸው፣ ስትተክል ስታርም ስታጭድ ታያላችሁ። ተመርቄ ሁለት ዓመት ደምበጫ ለተቀመጥኩት ለእኔ ሌላ ነገር ነው፣ ጎረቤት ለምን መጣሽ፣ መች ትመለሻለሽ ሲላት እኔን የሚጠይቀኝ ነው የመሰለኝ። ደግሞ ማኮሊ የሚሉትን መጠጣቸውን ከሩዝ ትጠነስሳለች፣ ይሄን እቴቴ እራሷ ተመስጣ አየችው፣ «ጌሾ የለውም?» አለች፣ የለውም ስላት ፊቷን አዞረች። በዛ ፊልም ላይ ከቴአትር የመጣች መሆኗ ይታወቃል፣ ዝም ብላ ስትበላ እንኳን አይናችሁን አትነቅሉም።

ወደ ፊልም ማስጫኛ ቤቷ ልመለስ። ዋጋው አይከብድም፣ ቅናሽም ያደርጋል። ችግሩ ሰብታይትሉ ነው፣ ሁለቱ ላይ ንግግሩ ካለፈ በኋላ ነው ጽሁፉ የሚመጣው፣ አማርኛ ትርጉምም የለውም፣ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ደግሞ ቫይረስ አለበት፣ ፍላሼ ላይ የነበረ ሲቪዬን ሾርትከት አድርጎብኛል፣ ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የተቆረጠውን 1987 በነጻ እቀይርልሻለሁ ብሎኛል፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ።