ለአረጋውያን የማስታወስ ችግር ምን ይገዛ? ቢ12፣ መልቲቫይታሚን፣ ጂንኮ ወይስ የዓሣ ዘይት

«ለእናቴ የማስታወስ መድኃኒት ስጡኝ» ብሎ ባሕር ዳር ውስጥ ፋርማሲ የገባ ሰው ከአራት ነገሮች አንዱን ሳይዝ አይወጣም፦ የቢ ቫይታሚን፣ መልቲቫይታሚን፣ ከዛፍ ቅጠል የሚዘጋጀው ጂንኮ ቢሎባ ወይም የዓሣ ዘይት። ፋርማሲስት ነኝና አራቱንም እሸጣለሁ፤ ለአራቱም ግን እኩል አልከራከርም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የመጀመሪያው ወጪ ለደም ምርመራ ይሁን። ቢ12 ካነሰ ቢ12 ይገዛ። ካላነሰ መልቲቫይታሚንን ለመሞከር ጥቂት ምክንያት አለ። ጂንኮና የዓሣ ዘይት የሚገዙት ለማስታወስ ተብሎ ከሆነ ግን ብሩ ኪስ ውስጥ ቢቀር ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የቢ ቫይታሚኖችን፣ ቫይታሚን ኢን፣ በዓሣ ዘይት ውስጥ ያለውን ኦሜጋ 3ን የመሰሉ ቅባቶችንና የተደባለቁ ማሟያዎችን የመርሳት በሽታን ለመከላከል ብሎ መስጠትን አይመክርም። ምክሩ ጉድለት ለሌለበት ሰው ነው። ጉድለት ያለበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ቢ12 ከሦስቱ የሚለየውም በዚህ ነው።

ቢ12

ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብዙ በረከት አላቸው፤ ቢ12 ግን የላቸውም። በከተማችን ጾምን አጥብቀው የሚይዙት ደግሞ በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው፦ ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴ 55 ቀን፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ። ጉበት ክምችቱን ለዓመታት ስለሚያቆይ ጾም ብቻውን ጤነኛን ሰው ለጉድለት አይዳርግም። ነገር ግን በፍስክም ሥጋ እምብዛም የማይቀምሱ እናት ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲውጡ ከኖሩ ነገሩ ይደራረባል። ሁለቱም መድኃኒቶች ቢ12 ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካሉ፤ በዕድሜ የሚመጣው የጨጓራ አሲድ መቀነስም ይጨመርበታል።

ጉድለቱ ሲመጣ መርሳት፣ ድካም፣ የእግር መደንዘዝና ሲራመዱ መንገዳገድ ያስከትላል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ሊስተካከል ይችላል፤ ከቆየ ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ከአራቱ ማሟያዎች የመርሳትን አንድ እውነተኛ መንስኤ በቀጥታ የሚያክመው ይህ ብቻ ነው።

መርፌ ነው እንክብል የሚሻለው? የነርቭ ምልክት ላለበት ሰው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በመርፌ ይጀምራሉ። ለሌላው 1,000 ማይክሮግራም እንክብል በየቀኑ ይበቃል። የሰውነት የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮግራም ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የሚሰጠው የሚዋጠው በሙሉ ስለማይገባ ነው፤ ጨጓራው የተዳከመ ሰው እንኳ ከመቶ አንድ ያህሉን ይወስዳል፤ ያ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። ቢ1ን፣ ቢ6ንና ቢ12ን አንድ ላይ የያዘው በሰፊው የሚሸጥ እንክብል ግን ሌላ ዕቃ ነው። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የእግር መደንዘዝ ያመጣል፤ ለመደንዘዝ የተገዛ መድኃኒት መደንዘዝ ሲጨምር የሚጠረጥረው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ፎሊክ አሲድን ለብቻው መውሰድም አይበጅም፤ የደም ማነሱን አስተካክሎ የቢ12 ጉድለቱ ነርቭን እየጎዳ እንዲቀጥል ይሸፍነዋል።

ከጣና የሚወጣው ዓሣም ይቆጠራል። መቶ ግራም የበሰለ ቆሮሶ ወደ 2 ማይክሮግራም የሚጠጋ ቢ12 አለው። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤትም የማይበላ ቤትም አለ፤ እሱን ለንስሐ አባት እተዋለሁ። በፍስክ ግን ዓሣ ጉላሹ ለልጆች ብቻ አይሁን።

መልቲቫይታሚን

እዚህ ማስረጃው ይጋጫል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 5,947 ወንድ ሐኪሞች እስከ 12 ዓመት ድረስ መልቲቫይታሚን ወይም ባዶ እንክብል ወስደው በማስታወስ ልዩነት አልታየባቸውም፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ኮስሞስ በሚባለው የኋለኛው ጥናት ግን ውጤቱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ክፍሉ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 3,562 ሰዎች መካከል መልቲቫይታሚን የወሰዱት ከአንድ ዓመት በኋላ የቃላት ዝርዝርን በማስታወስ ትንሽ በልጠው ተገኙ። ሌሎቹ የኮስሞስ ክፍሎችም ወደዚያው አዘነበሉ። ልዩነቱ በፈተና ይለካል እንጂ ልጅ እናቱ ላይ የሚያየው ዓይነት አይደለም፤ የመርሳት በሽታን መከላከሉም አልተረጋገጠም።

ስለዚህ የምግብ ፍላጎታቸው ለቀነሰና ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋውያን መልቲቫይታሚንን አልቃወምም። ለአረጋውያን የተዘጋጀና ብረት የሌለበት ይመረጥ፤ ሐኪም ያላዘዘው ብረት ለዚህ ዕድሜ ብዙም አያስፈልግም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ በመልቲቫይታሚኑ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ ለሐኪሙ ሳይነገር አይጀመር።

ጂንኮ ቢሎባ

ከአራቱ በደንብ የተፈተነውና በግልጽ የወደቀው ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 3,069 ሰዎች 120 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ወይም ባዶ እንክብል ሲወስዱ ለስድስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት ጂንኮ የመርሳት በሽታን አልቀነሰም አለ። ፈረንሳይ ውስጥ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ከ2,800 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናትም ከዚህ አልተለየም። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ደግሞ የመድማት ሥጋት አለው። ደንበኛዬ «ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል?» ሲለኝ ኮሶም ዕፅ መሆኑን አስታውሰዋለሁ።

የዓሣ ዘይት

የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። ፊቱ ላይ 1,000 ሚሊ ግራም ተብሎ በትልቁ የተጻፈው የዘይቱ ክብደት ነው፤ የሚፈለጉት ሁለቱ ቅባቶች፣ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ፣ በተለመደው ካፕሱል ውስጥ ተደምረው 300 ሚሊ ግራም ያህል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የአሜሪካ ጥናት የዓይን ሕመም ያለባቸው 3,500 ያህል አረጋውያን በየቀኑ ከእነዚህ ቅባቶች 1,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከሦስት ካፕሱል በላይ የሚሆን፣ ወይም ባዶ እንክብል ለአምስት ዓመት ወስደዋል። የአእምሮ ብቃታቸው አልተለየም። በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ደግሞ የልብ ምት መዛባትን ሊያመጣ ይችላል።

ከሱቅ የሚገዛ አንድ ጣሳ ሰርዲን እነዚህን ቅባቶች ከአንድ ካፕሱል በእጅጉ ይበልጥ ይይዛል፣ ቢ12 ጭምር፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ጨውን ይጠንቀቅ እንጂ። የጣና ቆሮሶ ስቡ አነስተኛ ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙ አይሰጥም። ሌላም ነገር አለ፦ የካፕሱሉ ሽፋን ጄላቲን ነው፤ የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ ነው። ለጿሚም ለሙስሊምም ሲሸጥ ይህ እምብዛም አይነገርም።

ከአሜሪካ ስለሚላከው

ዘመድ ከሚልካቸው ማሟያዎች መካከል ከጄሊፊሽ የተገኘ ፕሮቲን ይዣለሁ የሚለው ፕሪቫጀን አንዱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ተቆጣጣሪና የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰውት፣ በ2024 ፍርድ ቤት ማስታወስን ያሻሽላል የሚለውን ማስታወቂያ እንዲያቆም አዝዞታል። የውጭ ዕቃ መሆኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ያ ዶላር ለምርመራ ቢላክ ይሻል ነበር። ቫይታሚን ኢ በብዛት የሚላክላቸው አባቶችም ይጠንቀቁ፦ በቀን 400 ዩኒት የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ ታይቷል።

ከመግዛት በፊት

መርሳቱ በወራት የመጣ ከሆነ ከቢ12 ጋር የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን፣ የደም ስኳርና የደም ግፊት ይታይ። የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ተይዘው ለሐኪም ይቅረቡ፤ የእንቅልፍና አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች ራሳቸው ያስረሳሉ። ጆሮም ይመርመር፤ ያልተሰማ ነገር አይታወስም። ድብርትም እንዲሁ መርሳት መስሎ ይመጣል። መርሳቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ከመጣ፣ በተለይ ከመውደቅ በኋላ ወይም ከትኩሳት ጋር ከሆነ፣ ፋርማሲ አይምጡ፤ በቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት፣ ወደ ጥበበ ጊዮን ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።

የቢ12 ምርመራን ሁሉም ላቦራቶሪ አይሠራውም፤ አረጋዊን በባጃጅ ከማመላለስ ደውሎ መጠየቅ ይቀድማል። ደሙ እስኪሰጥ ድረስም የቢ ቫይታሚን እንክብል ወይም መርፌ አይጀመር። ከተጀመረ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታይና ጉድለቱ እንዳልነበረ ሊያስመስል ይችላል።