የእናታችሁን የእጅ ጽሑፍ ለጥልፍ ሠሪ ከመላካችሁ በፊት

የምትወዱትን ሰው በጥልፍ ለማስታወስ አስባችኋል እንበል። "ፎቶና የእጅ ጽሑፍ ላኩልን፣ ንድፉን በእጃችን ሠርተን ከነጨርቁና ከነክሩ እንልካለን፣ እናንተ ትሰፉታላችሁ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ። ገንዘቡስ ይሁን፣ ሄደ። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው።

እናቴ ካረፈች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። አንድ ቀን የድሮ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። በእሷ እጅ "ልጄ፣ ስትደርሺ ደውዪልኝ" ይላል። እናቴ የ"ጄ"ን ቀለበት ዘግታ አታውቅም። እንደ ውሃ ጠብታ ክፍት አድርጋ ነበር የምትተወው። ወረቀቱን ይዤ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ፎቶዋን ከላይ፣ ይህችን አረፍተ ነገር ከሥር አድርጌ ልጠልፍ ወሰንኩ።

ሻጮቹ ሲያወሩ ደጎች ናቸው። "ነፍስ ይማር፣ አይዞሽ" አሉኝ። ቀብድ ብቻ ልክፈል ብል "የመታሰቢያ ሥራ ሙሉ ክፍያ ነው" አሉ። ከፈልኩ። ቀጥለው "ስካኑ ጥርት እንዲል ዋናው ወረቀት ይምጣ" አሉ። እዚህ ላይ ነበር እምቢ ማለት የነበረብኝ። ላክሁት።

ዛሬ ነገ ሲሉኝ ከርመው ዕቃው መጣ። ንድፉን ዘረጋሁት። ጽሑፉ የእናቴ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ባለ ፎንት የተጻፈ ነው። የ"ጄ" ቀለበት ድቡልቡል ብሎ ተዘግቷል። ቃሉ ያው ነው፣ እሷ ግን የለችበትም። ዋናው ወረቀትም አብሮ ተመልሷል። በፕላስተር የሆነ ነገር ላይ ለጥፈውት ኖሯል። ሲያላቅቁት ጫፉ ተገሽልጦ የመጨረሻዋን "ኝ" ይዞ ሄዷል።

የፎቶው ንድፍም ያው ነው። በእጅ ተሠራ የተባለው፣ ፕሮግራም በደቂቃ የሚያወጣው ነው። ፕሮግራሙ ፎቶውን በካሬ ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ካሬ ቀለም ይሰጣል። ሰው ቁጭ ብሎ ካላስተካከለው ጉንጭ ላይ አንድ ቡኒ፣ አጠገቡ አንድ ሮዝ፣ ቀጥሎ ሌላ ቡኒ እያለ ይበታተናል። የእኔው 62 ቀለም ነበረው። ስፋቱ 200 በ250 ካሬ ነው። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ስፌት ስለሆነ ይህ 50,000 ስፌት ማለት ነው። በሰዓት 100 ብትሰፉ 500 ሰዓት ይፈጃል። ያን ሁሉ ደክማችሁ ከቅርብ ሲታይ ፊቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ከሁሉ የገረመኝ ጨርቁ ነው። በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው ዓይነት ነው። ለ200 በ250 ካሬ ንድፍ፣ ጠርዙን ሳንቆጥር፣ ወደ 36 በ45 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። የላኩልኝ 30 በ40 ነበር። ንድፉ ጨርቁ ላይ አይገባም! አንድ ሰው እንኳ አልለካውም ማለት ነው። ክሮቹም የቀለም ቁጥር የላቸውም። መሀል ላይ ቢያልቅባችሁ ያንኑ ቀለም መልሳችሁ የምታገኙበት መንገድ የለም። ቀዩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈተግ ሳደርገው ጨርቁ ወዲያው ቀላ። ተሠርቶ አልቆ ሲታጠብ ፊቷ ላይ ሊፈስ ነበር።

ቅሬታዬን ስነግራቸው "ፎንቱን የቀየርነው እንዲያምር ብለን ነው" አሉ። ገንዘቤን ስጠይቅ "በግል ትዕዛዝ የተሠራ አይመለስም"። ስለ ወረቀቱ ሳነሳ ብሎክ አደረጉኝ።

ስለዚህ አደራ። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ። ጥሩ ብርሃን ላይ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፣ ለንድፍ ይበቃል። የሟችን ልብስም "ቆርጠን እንሠራበታለን" የሚል ካለ፣ መጀመሪያ በሌላ ጨርቅ ሠርቶ ያሳያችሁ። የተቆረጠ ሸሚዝ ተመልሶ አይገጠምም። የኮምፒውተር ምስል ካሳዩአችሁም አትቀበሉ፤ ተሰፍቶ ያለቀ ሥራ በቅርበት የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። የቀለሙን ብዛት፣ የካሬውን ቁጥርና የጨርቁን ልክ ሳትከፍሉ በፊት በጽሑፍ ያዙ። ቀሪውን ክፍያ ንድፉን አይታችሁ ስትስማሙ ክፈሉ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ካለ ተዉት፣ ሐዘን አያስቸኩልም።

የእጅ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሻጭም አያስፈልጋችሁም። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የጽሑፉን ፎቶ ቅጂ ተለቅ አድርጋችሁ አትሙ፤ ትንንሽ ቀለበቶች ሰፋ ካላሉ በክር ይደፈናሉ። ቅጂውን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ስስ ጨርቁን በላዩ ዘርጉና በውሃ በሚጠፋ እስክሪብቶ ተከተሉት። ታጥቦ ሳይጠፋ እንዳትተኩሱት፣ ሙቀት ቀለሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። በካውያ ሙቀት የሚጠፋውን እስክሪብቶ ደግሞ ለመታሰቢያ ሥራ አልመክርም። ጠፋ ያላችሁት መስመር ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ይወጣል። የተለመደው የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው። 2ቱን ብቻ ነጥሉ። ኩርባው ላይ ስፌቱን አሳጥሩ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። የሰውየው እጅ የሚታወቀው ኩርባው ላይ ነው። የተንጋደደውን አታቃኑ፣ የተደራረበውንም እንደተደራረበ ተዉት።

እኔ እንደገና ጀምሬዋለሁ። "ልጄ"ን ጨርሻለሁ፣ ቀለበቱም ክፍት ነው። ወረቀቱን ከመላኬ በፊት ፎቶ አላነሳሁትም ነበር። ስለዚህ ለመጨረሻዋ ፊደል የእናቴን የድሮ ደብተር ገጽ በገጽ ስፈልግ አመሸሁ። "ይናፍቀኝ ነበር" የሚል መስመር ላይ አንድ "ኝ" አገኘሁ፣ ነገ መስኮቱ ላይ እለጥፈዋለሁ።